የ4 ድምፅ ወንበር

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 ጠቅላላ ምርጫ ተካሄደ። በሰሜን አየርላንድ ምዕራባዊ ጫፍ በምትገኝ አንዲት የምርጫ ክልል ቆጠራው አለቀ ሲባል እንደገና ተጀመረ፤ ደግሞም ተደገመ። በመጨረሻ የሺን ፌን ዕጩ ሚሼል ጊልደርኒው 21 ሺህ 304፣ ተፎካካሪያቸው ሮድኒ ኮኖር 21 ሺህ 300 ድምፅ ማግኘታቸው ተነገረ። ልዩነቱ 4 ድምፅ ነው። ጊልደርኒውን የመረጠ አንድ አባወራ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ዝናቡን ፈርቶ ከቤቱ ባይወጣ ኖሮ ሁለቱ እኩል ይወጡ ነበር።

ይህቺ የምርጫ ክልል ፈርማና እና ደቡብ ታይሮን ትባላለች። ሕግ ስንማር ስለ ምርጫ ሥርዓቶች የተነገረን ንድፈ ሐሳብ ሁሉ በዚህች አንዲት ወንበር ታሪክ ውስጥ ሥጋ ለብሶ ይገኛል። የሰው አገር ወንበር እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚያገባን በቀላል ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የደነገገው የምርጫ ሥርዓትና የፈርማና ሥርዓት አንድ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ግማሽ ሲደመር አንድ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ ከሁለተኛው መብለጥ ይበቃዋል። (በጽሑፉ ውስጥ «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ወገን በአንድ ሚዛን

አየርላንድ በ1921 ለሁለት ስትከፈል ሰሜኑ ክፍል ከብሪታንያ ጋር ቀረ። ፈርማና እና ደቡብ ታይሮን ድንበሩ ላይ የተቀመጠች፣ በሐይቅና በእርሻ የተሞላች ገጠር ነች። ከሕዝቧ ገሚሱ ካቶሊክ ነው፤ አብዛኛው ከደቡቡ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር መዋሐድን ይሻል። እነዚህ ናሽናሊስት ይባላሉ። ሌላው ገሚስ ፕሮቴስታንት ነው፤ አብዛኛው ከብሪታንያ ጋር መቆየትን ይመርጣል። እነዚህኞቹ ዩኒየኒስት ናቸው። የሁለቱ ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ ናሽናሊስቱ በጥቂቱ ይበልጣል።

በእንዲህ ዓይነት ቦታ ሰው በምርጫ ክርክር ተማርኮ ወገኑን አይቀይርም። ታዲያ ወንበሯ ከ1950 ጀምሮ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትመላለስ የኖረችው እንዴት ነው? መልሱ ከፖለቲካ ይልቅ ወደ ሒሳብ ያደላል። ወንበሯን የሚያጣት በዚያን ዓመት የተከፋፈለው ወገን ነው።

ማስረጃውን እንይ። በፌብሩዋሪ 1974 ናሽናሊስቶች ሁለት ዕጩ አቀረቡ፤ የዩኒየኒስቱ ሃሪ ዌስት አሸነፉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ምርጫው ሲደገም ናሽናሊስቶች በአንድ ሰው ተስማሙ፤ ፍራንክ ማጓየር ወንበሯን አስመለሱ። በ1983 ደግሞ የዩኒየኒስቱ ኬን ማጊኒስ 28 ሺህ 600 ያህል ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። የሺን ፌን ዕጩ 21 ሺህ ገደማ፣ ኤስ.ዲ.ኤል.ፒ. የተባለው ለዘብተኛው የናሽናሊስት ፓርቲ 10 ሺህ ገደማ አገኙ። አንባቢ ይደምረው። ብዙዎቹ የተሸነፉት በሁለት ስለተከፈሉ ነው። ማጊኒስ ከዚያ በኋላ ወንበሯን ለ18 ዓመት ያዟት።

ሒሳቡ ለማንም አያዳላም። በ2001 የዩኒየኒስቱን ድምፅ አንድ የግል ተወዳዳሪ ገብቶ ቀነሰው፤ ጊልደርኒው በ53 ድምፅ ብልጫ ወንበሯን ወሰዱ። በ2005 ሁለት የዩኒየኒስት ፓርቲዎች እርስ በርስ ተወዳደሩ። የሁለቱ ድምፅ ተደምሮ ከ22 ሺህ በላይ ሲሆን ጊልደርኒው በ18 ሺህ 600 ገደማ አሸነፉ። ሁለት ጊዜ የተቀጡት ዩኒየኒስቶች በ2010 ሮድኒ ኮኖርን የጋራ ዕጩ አድርገው ቀረቡ። ይህን ያዩ ብዙ የኤስ.ዲ.ኤል.ፒ. ደጋፊዎች ደግሞ ፓርቲያቸውን ትተው ወደ ሺን ፌን ዞሩ። ያቺ 4 ድምፅ የመጣችው እንዲህ ነው። በ2015 ዩኒየኒስቶች እንደገና ተባብረው በ530 ድምፅ ወንበሯን አገኙ፤ በ2017 በ875 አጧት፤ በ2019 በ57 ድምፅ ሳያገኟት ቀሩ። በ2024 የነርሶች ማኅበር መሪ የነበሩት የሺን ፌኗ ፓት ከለን ከ4 ሺህ 500 በሚበልጥ ልዩነት አሸነፉ።

የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ግልጽነቱ ነው፤ መራጩ ወኪሉን በስሙ ያውቀዋል። ጉዳቱ ደግሞ መራጩን የሚወደውን ከመምረጥ ይልቅ የሚፈራውን ወደ ማስቀረት ይገፋዋል። በፈርማና ለብዙ ሰው «ማንን ትመርጣለህ?» ማለት «ማን እንዳይገባ ትፈልጋለህ?» ማለት ሆኖ ኖሯል።

አንዲት ድምፅ በለንደን

በ1974 ያሸነፉት ማጓየር መጠጥ ቤት ያላቸው፣ ለንደን ብዙ የማይታዩ፣ ምክር ቤት ውስጥ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ማርች 28 ቀን 1979 ምሽት ግን መጡ። በዚያ ምሽት በጠቅላይ ሚኒስትር ካላሃን የሌበር መንግሥት ላይ እምነት የማጣት ድምፅ ሊሰጥ ነበር። መንግሥት የማጓየርን ድምፅ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ሰውየው የመጡት በአካል ተገኝተው ድምፀ ተአቅቦ ለማድረግ ነው ተባለ፤ እንደተባለውም አደረጉ። መንግሥት 311 ለ310 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን ያዙ። ይህቺ የገጠር ወንበር ለታቸር መምጣት የድርሻዋን አበርክታለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያቺው ወንበር ከታቸር ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመች።

እስረኛው ዕጩ

በማርች 1981 መጀመሪያ ማጓየር በድንገት አረፉ፤ የማሟያ ምርጫ ተጠራ። በዚያን ሰዓት በሜዝ እስር ቤት የአይ.አር.ኤ. እስረኞች እንደ ፖለቲካ እስረኛ እንዲቆጠሩ የረሃብ አድማ ጀምረው ነበር። አድማውን የጀመረው በመሣሪያ ይዞታ የ14 ዓመት ፍርደኛ የነበረው የ27 ዓመቱ ቦቢ ሳንድስ ነው። ሌሎቹ ናሽናሊስቶች ሜዳውን ለቀቁለትና ሳንድስ ከሃሪ ዌስት ጋር አንድ ለአንድ ቀረበ። ኤፕሪል 9 ቀን ከ30 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ ከ1 ሺህ 400 በሚበልጥ ልዩነት አሸነፈ። ከ3 ሺህ በላይ የድምፅ መስጫ ወረቀት ዋጋ አልባ ሆነ፤ ከሁለቱም አልሆንም ያለ መራጭ እንደነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል። ሳንድስ ምክር ቤቱን ሳያይ ሜይ 5 ቀን በረሃብ ሞተ። በአድማው በጠቅላላው 10 ሰው አልቋል።

የሕግ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ፍርደኛ እንዴት ሊመረጥ ቻለ? በዚያችው ክልል በ1955 ፊሊፕ ክላርክ የተባለ የሺን ፌን እስረኛ በ261 ድምፅ ብልጫ አሸንፎ ነበር። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1870 ሕግ ከባድ ወንጀለኛን ከምክር ቤት ይከለክል ስለነበር፣ አቤቱታ ቀርቦ ወንበሯ ለተሸናፊው ተሰጠች። ምክንያቱም መራጮቹ ዕጩው ብቁ አለመሆኑን እያወቁ የሰጡት ድምፅ እንደባከነ ይቆጠራል የሚል ነበር። በ1967 የወንጀል ሕጉ ሲሻሻል «ከባድ ወንጀል» የሚለው አመዳደብ ቀረ፤ ክልከላውም አብሮ ቀረ። ሳንድስ የገባው በዚያ በተከፈተ በር ነው። የታቸር መንግሥት በ1981 አጋማሽ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የተፈረደበት እስረኛ ዕጩ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ አስወጥቶ በሩን ዘጋ። በኦገስት በተደረገው ምርጫ መራጮቹ የሳንድስን የምርጫ ወኪል ኦወን ካረንን መረጡ፤ ልዩነቱም ሰፋ። በአንድ ሰው ምክንያት የተቸኮለ ሕግ ሰውየውን ሊያስቀር ይችላል፤ የመረጡትን ሰዎች ሐሳብ ግን አያስቀይርም።

ይህ ክርክር እኛም ዘንድ ደርሷል። በእኛ 2013 በእስር ላይ የነበሩ፣ ክሳቸው ግን ገና ውሳኔ ያላገኘ የባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎች ጉዳይ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሄደ። ችሎቱ ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ፤ ምርጫ ቦርድም መዘገባቸው። አላሸነፉም። ቁም ነገሩ ግን የተከሰሰና የተፈረደበት ሰው በሕግ ዓይን አንድ አለመሆናቸው ነው። ይህን ልዩነት የጠበቀ ውሳኔ ዕጩው ማንም ይሁን ማን ሊከበር ይገባዋል።

ባዶው ወንበር

ሺን ፌን ያሸነፈበትን የለንደን ወንበር አይቀመጥበትም። የምክር ቤት አባል ለንጉሡ ወይም ለንግሥቲቱ ታማኝነቱን በመሐላ ማረጋገጥ አለበትና ነው። ተመራጮቹ ደመወዝ አይወስዱም፤ ቢሮና የሥራ ማስኬጃ አበል ግን ያገኛሉ፤ የመራጮቻቸውንም አቤቱታ ያስተናግዳሉ። ስለዚህ ያ ሁሉ የ4 ድምፅ ትንቅንቅ የተደረገው ባዶ ለምትቀመጥ ወንበር ነው!

በእኛ 1997 «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ» የሚለው ክርክር ቤተሰብን ሳይቀር የከፈለ ነበር። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ሁሉንም አሸንፎ ነበር። ከተመራጮቹ ብዙዎቹ አልገቡም፤ የገቡም ነበሩ። ሳይያዙ የቀሩት ወንበሮች በእኛ 2000 በተካሄደ የማሟያ ምርጫ በአብዛኛው ወደ ኢሕአዴግ ሄዱ። ልዩነቱን እናስተውል። የሺን ፌን ዕጩ ከምርጫው በፊት «ብመረጥ አልቀመጥም» ብሎ ይናገራል፤ መራጩም ይህን አውቆ ይመርጠዋል። እዚህ ግን ጥያቄው የተነሳው ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ነው። መራጩ ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ አልተጠየቀም።

ቆጠራውን ማን ያምናል?

ወደ 4ቱ ድምፅ ልመለስ። ተሸናፊው ኮኖር ውጤቱን አልተቀበሉም፤ የምርጫ አቤቱታ ለሚሰማው ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ሰነዱን መርምሮ የት እንደደረሱ ያልታወቁ 3 የድምፅ መስጫ ወረቀቶች መኖራቸውን አገኘ። ሦስቱም ለኮኖር የተሰጡ ናቸው ቢባል እንኳ ጊልደርኒው በአንድ ድምፅ ይበልጣሉ ሲል ውጤቱን አጸና። ጉዳዩ በዚህ አበቃ።

ይህ የሆነው ከ3 ሺህ 500 በላይ ሰው ባለቀበት የሠላሳ ዓመት ግጭት ውስጥ ባለፈ፣ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ 12 ዓመት ብቻ በሆነው አገር ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ አይተማመኑም። የታመነው የቆጠራው አሠራርና ሰነዱን የሚያየው ዳኛ ነው። እኛ በ1997 ያጣነው ይኸው ነበር። ቁጥሩን የሚያምን፣ ዳኛውን የሚያምን ጠፍቶ፣ በተከተለው ሁከት አጣሪ ኮሚሽኑ እንዳረጋገጠው 193 ሲቪሎች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ወንበሮች ታሪክ አጭር ነው። በእኛ 2002 ከ23ቱ አንዷን ብቻ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ፤ በ2007 ሁሉም የኢሕአዴግ ሆኑ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁሉን ከመምረጥ ማንንም ወደ አለመምረጥ የተገለበጠ ሕዝብ አለ ብዬ አላምንም። የፖለቲካ ሜዳው መጥበቡ አንዱ ምክንያት ነው። አሸናፊው ሁሉንም የሚወስድበት ሥርዓት ደግሞ የተሸናፊውን ድምፅ ከወንበር ቁጥር ውስጥ ይደብቃል።

የፈርማና ገበሬ የክልሉን ታሪክ ቁጥር እየጠራ ሊነግርህ ይችላል፤ 53፣ 4፣ 530፣ 875፣ 57። እያንዳንዱ ቁጥር ለማን እንደደረሰና ለምን እንደሆነ ያውቃል። አንተስ አንባቢዬ፣ የምርጫ ክልልህ ቁጥር ስንት ነው? ባለፈው ምርጫ ማን አሸነፈ? በስንት ድምፅ? ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር? ምርጫ ቦርድ የእያንዳንዱን ክልል ውጤት ከመጀመሪያው ምርጫ አንሥቶ ድምፅ በድምፅ በአንድ መዝገብ ቢያኖርልንና ማንም ዜጋ በቀላሉ ቢያገኘው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ፓርቲዎችም በየክልሉ ከመከፋፈላቸው በፊት ያንን መዝገብ ገልጠው ቢደምሩ አይጎዱም። ያን ጊዜ «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል» የሚለው ሰው ቢያንስ የሚጨቃጨቅበት ቁጥር ይኖረዋል።