350 ካሬ ለአንድ ሰው፦ የአውራ አምባ ሒሳብ

350 ካሬ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ለአዲስ አበባ ልጅ ደህና ቪላ የሚቆምበት ቦታ ነው። አውራ አምባ ላይ ግን የአንድ ሰው የእርሻ ድርሻ ነው።

አውራ አምባ በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር መሠረቷት። በደርግ ዘመን መጨረሻ ነዋሪዎቿ ወደ ደቡብ ተሰደዱ። መንግሥት ተለውጦ ሲመለሱ ያገኙት መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። ዛሬ እዚያ የሚኖረው ሰው 500 ገደማ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 17.5 ሄክታር ማለት 175,000 ካሬ ሜትር ነው። ለ500 ሲካፈል 350 ካሬ ይደርሳል። ሁሉም ጤፍ ተዘርቶ በሄክታር 18 ኩንታል ቢሰጥ ለአንድ ሰው በዓመት 63 ኪሎ ነው፤ በወር 5 ኪሎ ብቻ! በዚህ ማንም አይኖርም።

ታዲያ እንዴት ኖሩ? መሬቱን ማስፋት ስላልቻሉ የሥራውን ዓይነት አበዙ። ሽመና፣ ወፍጮ፣ ሱቅ፣ የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። ሥራው ደግሞ በፆታ አልተከፈለም። ሴት ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። ይሄ የእኩልነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ኢኮኖሚም ነው። የጋቢ ገበያ ሲደራ ሁሉም እጅ ወደ ሸማው መዞር ይችላል።

ሌላው ቀን ነው። በብዙ የገጠር አካባቢ ከእሑድ ሌላ በወር 12፣ 21፣ 27 እና 29 ሞፈር አይነሳም። አውራ አምባዎች በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፣ ግን ለሃይማኖት በዓል ሥራ አያቆሙም። በማኅበር የሚሠሩት የዓመቱን ገቢ እኩል ይካፈላሉ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የሚሠሩት ለአረጋውያን፣ ለታመሙና ለተቸገሩ ነው። የጎረቤቶቻቸው እምነት የተለየ ስለሆነ ይህን ሁሉ እንዳለ ገልብጡ ማለት አይቻልም። ሐሳቡ ግን ለሁላችንም ይጠቅማል።

ምክንያቱም ሒሳቡ የእነሱ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ሲካሄድ 73.7 ሚሊዮን ነበርን። አሁን ግምቱ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው ገበሬ ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር በታች ነው። አባት ለአራት ልጅ ቢያካፍለው ስንት ይደርሳል? ከእናንተ መካከል መልሱን በራሱ ቤት የሚያውቅ ብዙ ነው። ለዚህም ነው ወደ ከተማ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚኬደው።

የአውራ አምባ መንገድም ቢሆን አደጋ አለው። እህል የሚገዛ መንደር ጋቢውን የሚገዛው ሰው ያስፈልገዋል። ኮቪድ መጣ፣ ከዚያ ጦርነት ተከተለ፣ መንገድ ተዘጋ፣ እንግዳ ቀረ። ገበያ ሲጠፋ ወደ 350 ካሬው መመለስ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደማይበቃ አይተናል።

ስለዚህ ለገጠር ወጣት "ተደራጅ፣ ሥራ ፍጠር" ማለት ግማሽ መልስ ነው። አውራ አምባዎች ተደራጅተዋል፣ ሥራም ፈጥረዋል። ሰላምና መንገድ ግን አንድ መንደር ብቻዋን የምታመጣው ነገር አይደለም።