ማግኔቱ በበረታ ቁጥር ብረቱ ይረዝማል?

ትራንስፎርመር አጠገብ የቆመ ሰው የሚሰማውን ጉምጉምታ ብዙዎች «ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ነው» ይሉታል። በአብዛኛው የሚያጉረመርመው ግን መሃል ላይ ያለው ብረት ነው፤ ብረት ማግኔት ሲሆን ርዝመቱ በጥቂቱ ይለወጣል። ለርዝመቱ የማግኔቱ ሰሜንና ደቡብ መገለባበጥ ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ ብረቱ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ጠባዩን እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ያወቀው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው።

«እንግዲያው የማግኔት መስኩን ማበርታት ነው፤ ብረቱም እየረዘመ ይሄዳል» የሚል ግምት ከዚህ ይነሣል። አይሄድም። ተራ ብረት በደካማ መስክ ጥቂት ይረዝምና መስኩ ሲበረታ መልሶ ያጥራል። ኒኬልማ ከመነሻውም የሚያጥር ነው። የሁለቱም ለውጥ ከአንድ ሜትር ዘንግ ላይ በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። የሚረዝመውም ቢሆን አያብጥም፤ በረዘመው ልክ ይቀጥናል።

ሌላው እምነት በማግኔት እጅግ ለሚረዝሙ ቅይጦች ምስጋናውን ሁሉ ለብርቅዬ ማዕድናት ይሰጣል። እርግጥ ነው፣ ንጹሕ ተርቢየምና ዲስፕሮሲየም ከአንድ ሜትር ላይ ወደ አንድ ሳንቲሜትር የሚጠጋ ለውጥ ያሳያሉ፤ ያውም በብርቱ ቅዝቃዜ ብቻ። ተርቢየም ሙቀቱ ጨምሮ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ጠባዩን ያጣል፤ ዲስፕሮሲየም የሚፈልገው ቅዝቃዜ ደግሞ ከዚያም እጅግ የባሰ ነው። ሙቀትን የመቻል አቅም የሚያመጣው ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ብረት ነው። ለአንድ የተርቢየም አቶም ሁለት የብረት አቶም ሲቀየጥ፣ ቅይጡ ከ400 ዲግሪ በላይ እንኳ ማግኔትነቱን አይለቅም።

ችግሩ ቅይጡ እልኸኛ መሆኑ ነው፤ ማግኔትነቱ ክሪስታሉ ከሚወደው አቅጣጫ ንቅንቅ እንዲል እጅግ ብርቱ መስክ ይጠይቃል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሜሪላንድ ቤተ ሙከራ አርተር ክላርክና ባልደረቦቹ ያገኙት መላ፣ ለእኔ ከቁሳቁስ ሳይንስ ብልሃቶች ሁሉ የሚያስቀና ነው። ዲስፕሮሲየም ከብረት ጋር ሲቀየጥ የሚወደው አቅጣጫ ከተርቢየሙ የተለየ ነው፤ በመርዘሙ ግን ሁለቱም ይስማማሉ። ሦስት እጅ ተርቢየም፣ ሰባት እጅ ዲስፕሮሲየም ሲሆን እልሁ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ መርዘሙ ይቀራል። ተርፈኖል-ዲ የተባለው ይህ ቅይጥ በመጠነኛ መስክ ከሜትር ላይ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ባሕር ውስጥ ድምፅ ለሚልኩ የሶናር መሣሪያዎች የተመረጠውም በዚሁ ነው። ተሰባሪ ስለሆነ ግን ተጨምቆ ተይዞ ነው የሚሠራው።

«ጥሩ ማግኔት ማለት ኃይለኛ ማግኔት ነው» ለሚል ሰው ተርፈኖል-ዲ በቂ መልስ ነው፤ የተመረጠው በገርነቱ ነውና። በኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው የኒዮዲሚየም ማግኔት የሚፈለገው በተቃራኒው በእልኸኝነቱ ነው። እዚያ ዲስፕሮሲየም ሲጨመር ጉልበት ይጨምራል የሚሉ አሉ። ጉልበቱንስ ይቀንሳል፤ የዲስፕሮሲየም ማግኔትነት ከብረቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚቆም። የሚጨመረው ሞተሩ ሲግል ማግኔቱ እንዳይከዳ ነው። «ብርቅዬ» ከሚባለው ከዚህ ማግኔት ክብደት ከመቶ 70 የሚሆነውም ያው ተራ ብረት ነው።