የክርስትና መስፋፋት የእውነትነቱ ማስረጃ ሊሆን ይችላልን?

ክርስትና በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ ያለ ጦርና ያለ መንግሥት ድጋፍ በሮማ ግዛት መስፋፋቱ በታሪክ የታወቀ ነገር ነው። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች፣ «ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተስፋፋ ነበር፤ ስለዚህ እውነት ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መስፋፋቱን በኑሮና በማኅበራዊ ምክንያት ካስረዱ በኋላ፣ «ምክንያቱ ስለ ታወቀ ሃይማኖቱ ሐሰት ነው» ብለው ይደመድማሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ስለ ሃይማኖቱ እውነትነት ለመፍረድ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ከመነሻቸው ወደ መደምደሚያቸው ሲሄዱ የሚዘሉትን ደረጃ ለማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የታሪኩን ሁኔታ እንመልከት። የሐዋርያት ሥራ እንደሚተርከው፣ ከዕርገት በኋላ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት አማኞች 120 ያህል ነበሩ። በ64 ዓ.ም. ሮማ በተቃጠለች ጊዜ ኔሮን ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ አሳብቦ እንደ ቀጣቸው ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ ጽፎአል። በ112 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በታናሽ እስያ የጰንጦስና የቢታንያ አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን በላከው ደብዳቤ፣ ይህ እምነት ከከተማ አልፎ ወደ መንደርና ወደ ገጠር እንደ ደረሰ፣ የአማልክቱም ቤተ መቅደሶች ባዶ ወደ መሆን ተቃርበው እንደ ነበር ይገልጻል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሮድኒ ስታርክ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ40 ዓ.ም. 1000 ክርስቲያኖች ነበሩ ብለን ብንነሣና ቁጥራቸው በየአሥር ዓመቱ በመቶ 40 ቢያድግ፣ በ300 ዓ.ም. ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ አስልቶአል። ይህም ከግዛቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑ ነው። ቁጥሩ ግምት እንጂ የሕዝብ ቆጠራ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በ313 ዓ.ም. ቆስጠንጢኖስና ሊኪንዮስ ለክርስቲያኖች ነፃነት ሰጡ፤ በ380 ዓ.ም. ቴዎዶስዮስ የሥላሴን እምነት የሕዝቡ ሁሉ ሃይማኖት እንዲሆን አዘዘ። የቤተ መንግሥት ሞገስ ከተጨመረ በኋላ የአማኝ ብዛት ምን ያህል ከልብ፣ ምን ያህልም ለጥቅም እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከመስፋፋት የሚነሣው ክርክር ኃይሉ ያለው ከቆስጠንጢኖስ በፊት ባለው ዘመን ነው።

ይህን ክርክር በደንብ ካቀረቡት አንዱ ቅዱስ አውግስጢኖስ ነው። «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ በመጨረሻው ክፍል፣ ጥቂት ያልተማሩ ሰዎች ለማመን የሚያስቸግረውን የትንሣኤ ነገር ዓለምን ማሳመናቸው ራሱ አስደናቂ መሆኑን እያሳየ ይከራከራል። በእኛም አገር «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረት ለዚሁ ሐሳብ ሲጠቀስ ይሰማል። ሐሳቡ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሊፈተን ይገባል።

የመጀመሪያው ፈተና፣ ይኸው መለኪያ ለሌሎች ሲሠራበት ምን ያስከትላል የሚለው ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት በፋርስ መንግሥት የተነሣው ማኒ በእስር ቤት ሞተ፤ ተከታዮቹም በፋርስም በሮማም ተሳደዱ። ሆኖም ትምህርቱ በምዕራብ እስከ ሰሜን አፍሪካ፣ በምሥራቅ እስከ ቻይና ደረሰ። አውግስጢኖስ ራሱ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከዚህ ማኅበር ጋር ነበረ። ስደትን ተቋቁሞ መስፋፋት እውነትነትን የሚያረጋግጥ ከሆነ፣ ያው አውግስጢኖስ በኋላ የተዋጋው የማኒ ትምህርትም ሊረጋገጥ ነው። ቡድሂዝምም ከሕንድ ተነሥቶ ብዙ አገር አዳርሶአል። እርስ በርሳቸው የሚቃረኑትን ትምህርቶች ሁሉ እውነት የሚያደርግ መለኪያ ደግሞ መለኪያ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ፈተና ክርክሩን መገልበጥ ነው። መስፋፋት እውነትን የሚያሳይ ከሆነ፣ መክሰም ሐሰትን ማሳየት አለበት። በ410 ዓ.ም. አላሪክ ሮማን በዘረፈ ጊዜ አረማውያን፣ ከተማይቱ የተዋረደችው የቀድሞ አማልክቷን ስለ ተወች ነው ብለው ነበር። አውግስጢኖስ መጽሐፉን የጀመረው ለእነዚህ መልስ ለመስጠት ነው፤ መልሱም የዚህ ዓለም ዕድልና መከራ በደጉም በክፉውም ላይ ይወርዳል የሚል ነበር። እንግዲህ በመጽሐፉ መጀመሪያ ውድቀት ሐሰትን አያሳይም ካለ በኋላ፣ በመጨረሻው የዓለምን ማመን ለማስረጃ መጥራቱ እንዴት ይታረቃል? የሰው ልብ ማመንና የከተማ ዕድል አንድ አይደሉም ብሎ የሚመልስለት ይኖራል፤ መልሱም ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን የሰው ልብም ቢሆን ሲመጣና ሲሄድ በታሪክ ታይቶአል።

ለዚህም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በአክሱም ገንዘብ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ፤ ሃይማኖቱም እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ጸንቶ ይኖራል። ጎረቤታችን ኑብያ በስድስተኛው መቶ ዓመት ያንኑ ወንጌል ተቀበለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሠራች፣ መጻሕፍትንም በገዛ ቋንቋዋ ጻፈች። ነገር ግን በ1317 ዓ.ም. በዶንጎላ የነገሥታቱ አዳራሽ መስጊድ ሆነ፤ ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላም የኑብያ ክርስትና ጠፋ። በ411 ዓ.ም. በካርታጎ ጉባኤ ከሁለት ወገን ከ500 በላይ ጳጳሳት የተሰበሰቡባት ሰሜን አፍሪካም እንዲሁ ሆነች። አንድ ቃል በአክሱም ስለ ጸና እውነት፣ በዶንጎላ ስለ ጠፋ ሐሰት ሊሆን አይችልም። ልዩነቱን ያመጡት የጦርነት፣ የንግድና የአገር አቀማመጥ ምክንያቶች ናቸው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጊቦን በ1776 ባሳተመው የሮማ ታሪክ ለመስፋፋቱ አምስት ምክንያቶችን ዘርዝሮአል፤ እነርሱም የአማኞቹ ቅንዓት፣ የወዲያኛው ዓለም ተስፋ፣ ለቤተ ክርስቲያን ይነገር የነበረው የተአምራት ኃይል፣ ንጹሕ ጠባይና የማኅበሩ አንድነት ናቸው። በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቸነፈር በገባ ጊዜ የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ ክርስቲያኖች በሽተኞችን ሲያስታምሙ አብረው እንደ ሞቱ ጽፎአል። ስታርክም ይህ ማስታመም ብዙ ሰው ከሞት አድኖ ለማኅበሩ ወዳጅ አበዛለት ይላል። በእርሱ ስሌት 100 አማኞች በዓመት ሦስት ወይም አራት ሰው ቢጨምሩ ይበቃል፤ ይህም ያለ ተአምር ሊሆን የሚችል ነው።

ይህ ማስረጃ «በተአምር ካልሆነ አይስፋፋም» የሚለውን ቃል ያደክማል። ሃይማኖቱን ግን ሐሰት አያደርገውም። አንድ ልጅ ምድር ክብ መሆንዋን ያመነው መምህሩን ስለሚወድ ብቻ ነው እንበል። ያመነበት ምክንያት ደካማ ነው፤ ምድር ግን ክብ መሆንዋን አልተወችም። ሰዎች ለምን አመኑ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ያመኑት ነገር እውነት ነውን የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ መስፋፋቱ ምንም አያስረዳም ማለት ነውን? አይደለም። ፈጥኖ መስፋፋቱና የሰማዕታቱ ጽናት እምነቱ ዘግይቶ የተፈጠረ ተረት እንዳልሆነ፣ የያዙትም ሰዎች ከልባቸው እንዳመኑ ያሳያል። ከልብ ማመን ግን ከስሕተት አያድንም። በሰማው ነገር የሚሞት ሰው ለእምነቱ ጥንካሬ ይመሰክራል፤ አየሁ ባለው ነገር የሚሞት ሰው ምስክርነቱ ከዚህ ይከብዳል። የሚከብደውም ስለ ተከታዮቹ ብዛት ሳይሆን ስለ ማየቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ55 ዓ.ም. ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ትንሣኤ ሲጽፍ የአማኞችን ቁጥር ለማስረጃ አላቀረበም፤ ያዩትን ሰዎች ቆጠረ፣ አብዛኞቹም ገና በሕይወት እንዳሉ አመለከተ። ተቀበልነውም አልተቀበልነው፣ ትክክለኛው የምርመራ ቦታ ይህ ነው፤ ምስክሮቹ እነማን ናቸው? ምን አዩ? ቃላቸውስ እንዴት ደረሰን?

ይህ ልዩነት ለሎጂክ ትምህርት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እምነቱን በብዛት ላይ የመሠረተ ተማሪ ብዙዎች በተለዩት ቀን የሚይዘው ያጣል፤ የብዙዎቹ ምክንያት ደካማ ስለ ሆነ ብቻ ሃይማኖትን የጣለ ተማሪም ሳይመረምር ፈርዶአል። የዶንጎላ የመጨረሻዎቹ ክርስቲያኖች ቁጥራቸው እያነሰ ሲሄድ፣ ያመኑት ነገር ከቀን ወደ ቀን ሐሰት እየሆነ አልሄደም። እውነት ከነበረ ለጥቂቶቹም እውነት ነበረ፤ ሐሰት ከነበረ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱ በሞሉበትም ዘመን ሐሰት ነበረ።