የፒካፕ መኪና የቀን መብራት መልኩን ሲለውጥ

ለወረዳ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሹማምንት፤

ኤልኢዲ የተባለው የፒካፕ የቀን መብራት ከነጭነት ወደ ብጫነት ወይም ወደ ሰማያዊነት የተለወጠ እንደ ሆነ፤ ምክንያቱ ሳይመረመር አዲስ መብራት መግዛት የመንግሥትን ገንዘብ በከንቱ ማጥፋት ነው።

አስቀድሞ መብራቱን አጥፍቶ መመልከት ይገባል። ጠፍቶም ብጫ ቢሆን የተበላሸው ሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ፕላስቲክ ነውና የፀሐይ ጨረር ያደክመዋል፤ ይህም ጨረር ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። መካነ ሰላምም ከ2500 ሜትር በላይ ናት። እንዲህ ያለውን ሽፋን በውሃና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መወልወል፤ ከዚያም ጨረር የሚከላከል ቅባት መቀባት ነው። ቅባቱ ከቀረ ብጫው ፈጥኖ ይመለሳል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ሽፋኑ ንጹሕ ሆኖ ሲበራ ብቻ መልኩ የሚለወጥ ከሆነ ግን ጕዳቱ ከውስጥ ነው። የዚህ መብራት መነሻ ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ በላዩ የተለበጠው ብጫ ልባስ ከፊሉን ወደ ብጫ ስለሚለውጠው ሁለቱ ተደባልቀው ነጭ ሆነው ይታያሉ። ልባሱ በሙቀት ሲጎዳ ወይም ሲላቀቅ ሰማያዊው ይገለጣል። ይህን መወልወል አያድነውም፤ ክፍሉ ይለወጣል። ፈዝዞ የሚርገበገበው የገመዱ መጋጠሚያ ዝጎ ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ ይጠረግ።

የቀን መብራት በብዙ መኪናዎች የኋላውን መብራት አያበራም። ስለዚህ ጉም በወረደ ቀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሹፌር ዋናውን የፊት መብራት ካላበራ፤ ከኋላው ለሚከተለው የጭነት መኪና አይታይም።