ከሩቅ የመጣ እርሳስ

በአሜሪካ፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስና ኦክላሆማ በሚዋሰኑበት ምድር፣ ከ100 ዓመት በላይ ዚንክና እርሳስ ሲቆፈር ኖሯል። ማዕድኑ የተገኘው በጥንት ባሕር ወለል፣ ከዛጎልና ከመሰል ፍጥረታት ቅሪት በተሠራ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ሲፈጠር ግን ማዕድኑ አብሮት አልነበረም፤ ማዕድኑን ያመጣ እሳተ ገሞራም የለም።

ስለ ማዕድኑ አመጣጥ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት እንዲህ ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በስተደቡብ የዋሺታ ተራሮች ተነሡ። ከከፍታው የሰረገው ውሃ በግርጌው ደለል ውስጥ ታምቆ የኖረውን ጨዋማ ውሃ ወደ ሰሜን ገፋው። ውሃው ካለፈበት አለት ዚንክና እርሳስ እያጠበ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጓዘ።

ምስክሩ ስፋለራይት የተባለው የዚንክ ማዕድን ነው። ጠጅ የመሰለውን ክሪስታል በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ውስጡ የታሰረ የጥንቱ ውሃ ጠብታ ይታያል፤ በጠብታው ውስጥም ትንሽ የጋዝ አረፋ አለች። አረፋዋ እስክትጠፋ ሲያሞቁት ውሃው በታሰረበት ጊዜ የነበረው ሙቀት ይታወቃል። አቀዝቅዘው በረዶው የሚቀልጥበትን ነጥብ ሲለኩ ደግሞ የጨዉ መጠን ይገኛል። በዚህ አካባቢ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጨዉም ከባሕር ውሃ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ማዕድኑ የቆመበት ምክንያት ነው። ዚንክና እርሳስ በጨው ታግዘው ይሟሟሉ፤ ከድኝ ጋዝ ጋር ሲገናኙ ግን ወዲያው ይረጋሉ። ስለዚህ ሁለቱ ብረታ ብረቶችና ድኙ አብረው ብዙ ርቀት ሊጓዙ አይችሉም፤ መገናኘት ያለባቸው መድረሻው ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ ለዚህ የተመቸ ነው፦ ውሃ ይቦረቡረዋል፣ ጣሪያው ተደርምሶ በስብርባሪ የተሞላ ዋሻ ይሆናል፣ በዘይትና በጋዝ የበለጸገ ሲሆን ደግሞ በውሃ ያለው ሰልፌት ወደ ድኝ ጋዝ ይለወጥበታል። ማዕድኑ ሲረጋም አሲድ ይወጣል፤ አሲዱ የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ ለሚከተለው ማዕድን ተጨማሪ ቦታ ይከፍታል።

ያው ማዕድን በኋላ የአካባቢውን ሰው ጎዳ። ቁፋሮው ቆሞ ውሃ ያወጡ የነበሩት ፓምፖች ሥራ ሲያቆሙ፣ የቁፋሮውን ዋሻዎች የሞላው ውሃ አየር የነካውን ሰልፋይድ አሟሙቶ አሲድና ብረት ተሸከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ታር ክሪክ ወንዝ ፈሰሰ። በዚያው አካባቢ የነበረችው የፒቸር ከተማ ነዋሪዎች በእርሳስ በተበከለው የቁፋሮ ጥራጊ ቁልል ምክንያት ተነሥተው፣ ማዘጋጃ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ።