ኔጋቲቩ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የስቱዲዮ ኪራይ አልቀመስ ካለ ቆይቷል። ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመርቆ ሸራ የሚወጥር ወይም ካሜራ አንጠልጥሎ ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ወጣት በአቅሙ ሰፋ ያለ ቤት የሚፈልገው በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ነው። ጋለሪው፣ ሙዚየሙ፣ ኤምባሲውና የውጭ የባህል ተቋሙ ግን መሀል ከተማ እንደተቀመጡ ናቸው። ሠሪው ወደ ዳር ወጣ፤ ገንዘቡና ገዢው አልተከተሉትም።

ለጥበብ ሥራ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር በአገራችን ስድሳ ዓመት አልፎታል። የተሠራውን ማን ይሰብስበው፣ የትስ ይቀመጥ የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ለዝግጅት ገንዘብ ይገኛል፤ ለማስቀመጥ አይገኝም። በዚህም ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ፎቶግራፍ ይመስለኛል።

ከገንዘቡ እንጀምር። በንጉሡ ዘመን ደጋፊው በአመዛኙ አንድ ነበር፤ ቤተ መንግሥት። አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ነው ወደ ሥዕል የዞሩት። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1964 አፈወርቅን፣ በ1965 ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ በ1967 እስክንድር ቦጎስያንን በሥነ ጥበብ ሸለመ። አብዮቱ ሲመጣ ሽልማቱ ተቋረጠ። ደርግ ለሠዓሊ ሥራ አልነፈገም፤ ፖስተሩንም ሐውልቱንም አሠርቷል፤ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ራሱ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቦታውን ቀስ በቀስ የያዙት የውጭ ተቋማት ናቸው፤ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ የጣልያን የባህል ተቋም፣ ብሪቲሽ ካውንስል። ከዚያ ወዲህ ጥበብ የሚሠራ ሰው ፕሮፖዛል መጻፍንም ተማረ።

ፎቶግራፍ በዚህ መንገድ ብዙ ተጠቅሟል። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከብዙ አገር የመጡ ፎቶ አንሺዎችን አዲስ አበባ ላይ አገናኝቷል፤ ለአገር ውስጥ ወጣቶችም ሥራቸውን የሚያሳዩበት መድረክ ሆኗል። ግርማ በርታ በስልኩ ባነሣቸው የአዲስ አበባ መንገደኞች ምስሎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የ10,000 ዶላር ድጋፍ አገኘ። ሚካኤል ፀጋዬ ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። በሚፈርሱ የመቃብር ሥፍራዎች ድንጋይ ላይ ተለጥፈው የቀሩትን የሟቾች ምስሎች አንሥቷል፤ ከተማዋ ስትለወጥ የሚጠፋውን ከማንም በፊት ካዩት አንዱ እርሱ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ስም ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ሌላው የሚኖረው በሠርግ፣ በምርቃት፣ በባንክና በድርጅት የዓመት ካላንደር፣ ዕድል ሲቀናው ደግሞ ለተባበሩት መንግሥታትና ለእርዳታ ድርጅቶች በሚያነሣው ፎቶ ነው። ለድርጅት የተነሣው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከነመብቱ ለከፈለው አካል ይሄዳል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በእጁ የራሱ ስብስብ ላይኖረው ይችላል።

ታዲያ ለማስቀመጥ ለምን ገንዘብ ጠፋ? አንዱ ምክንያት የድጋፉ ባሕርይ ነው። ለጋሽ ሪፖርት ላይ የሚቆጠር ነገር ይፈልጋል፤ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ሰው ኤግዚቢሽኑን ጎበኘ። ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን አስተዳደራዊ ወጪ በ30 በመቶ ገደበ። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በሌላ በኩል ብዙ የተዘጋ በር ቢከፍትም ይህን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ሐሳቡ ገንዘቡ በቢሮና በመኪና እንዳያልቅ ነው፤ ተገቢ ነው። የፎቶ ስብስብ መያዝ ግን ምንድን ነው ቢባል ኪራይ፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ በየቀኑ ፖስታ እየከፈተ የሚመዘግብ ሠራተኛ ነው። እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው አስተዳደራዊ ተብለው የሚመዘገቡ ወጪዎች ናቸው። ለአንድ ሳምንት ኤግዚቢሽን የሚያመች ደንብ ሠላሳ ዓመት ለሚቆይ መደርደሪያ አያመችም።

ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ስብስብ አብዛኛው አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ እልህ ይዞት የተረፈ ነው። የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ሙያውን ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዝልቀውታል። ሌላው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሽመልስ ደስታ ኔጋቲቮቻቸውን ለዓመታት ጠብቀው ሥራቸው በሰፊው የታየው በስደት በኖሩበት ለንደን ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሙን ያገኘው በፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትጋት ነው፤ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ገንዘብ እያዋጣ ቅርስ ገዝቶለታል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን በአንድ መጽሐፍ ያሰባሰቡት በ1996 ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በስደት አሜሪካ ካረፉ ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቻቸው ተመልሰው በስማቸው የተጠራው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተከፈተ።

በቅርቡ ደግሞ ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገብየሁና ፊሊፕ ሹትዝ “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” በሚል ሥራቸው የተራውን ቤተሰብ አልበም መሰብሰብ ጀመሩ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ይህ ሥራ ያስተማረን ነገር ትልቅ ነው። የሥዩመ እግዚአብሔሩን ፎቶ የሚፈልግ ቤተ መዛግብት ሄዶ ያገኛል፤ የአንዲት የስልክ ኦፕሬተርን የ1960ዎቹ ፀጉር አሠራር ለማየት ግን የሰው ሳሎን ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ አልበም አስከፍቶ መለመን ያስፈልጋል። አልበሙ ያለበት ሳሎን ደግሞ ቦታ እየቀየረ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተጀመረው የኮሪደር ልማት ስንቱ ሠፈር ተነሣ። ከመሀል ከተማ የለቀቀው ቤተሰብ አልበሙን በካርቶን አሽጎ ወደ ዳር ሲወጣ፣ ካርቶኑ የት እንደሚያርፍ የሚከታተል የለም።

በሰው ኃይልና በገንዘብ በኩል ግን የተሳካ ምሳሌ አለን፤ እርሱም የብራና መጻሕፍቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የሂዩማኒቲስ ፈንድ ጭምር እየተደገፈ፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀረጹ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወዳለው ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ዘመን በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ እዚያ ተቀምጠው መጻሕፍቱን እያነበቡ ካታሎግ ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ፌሎውሺፕ ተሰጣቸው። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ካሜራውን ብቻ አልነበረም የገዛው። ለአሥርት ዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህ የማን ነው፣ መቼ ተጻፈ፣ የት ተገኘ እያለ የሚመዘግብ ሊቅም ቀጥሯል። ለፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ወንበር እስካሁን አልተዘጋጀም።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች፣ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንመለስ። እዚያ የሚሰበሰበው ምንድን ነው የሚል ካለ፣ የፎቶ ቤት ፖስታ ቢያይ ይበቃዋል። ቡናማ ወረቀት ነው፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ሳስቷል። በላዩ የደንበኛው ስም፣ የቅጂው ብዛት፣ የተከፈለው ቀብድና ቀሪው ተጽፏል። ውስጡ ያለውን ኔጋቲቭ በመስኮት ብርሃን ቢያዩት ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ አንዲት ልጃገረድ በጨርቅ ላይ ከተሣለ ፏፏቴ ፊት ቆማለች። ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የእርሳስ ጭረት አለ፤ ፎቶ አንሺው ፊቷን ያለሰለሰበት ነው። ፖስታው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ይህ ሽታ የአሲቴት ፊልም መበስበስ መጀመሩን የሚናገር ምልክት ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል፤ በአንድ ሣጥን ካሉት ሌሎችንም ይይዛቸዋል። አንዴ ከጀመረ ቅዝቃዜና ደረቅ አየር ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም።

ፎቶ ቤቶቹን ለዓመታት ያኖራቸው ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። ዛሬ ፓስፖርቱም የፋይዳ መታወቂያውም ፎቶውን እዚያው በመመዝገቢያው ካሜራ ይወስዳል፤ ለማስታወሻ የሚሆነውን ደግሞ ስልኩ ያነሣዋል። ቤቱ ወደ ሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ሲቀየር የኔጋቲቩ ሣጥን ቦታ ይይዛል፤ የሚጣለውም መጀመሪያ እርሱ ነው። ሱሉልታ የድርቆሽና የወተት አገር በነበረችበት ጊዜ፣ ሰበታ በሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካና በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ ብቻ ትታወቅ በነበረበት ጊዜ፣ ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ ሜዳ በነበረችበት ጊዜ ማን ይኖር እንደነበር፣ ምን ይለብስ እንደነበር የሚመሰክሩት እነዚህ ሣጥኖች ናቸው። ዛሬ የጅቡቲ ባቡር መስመር መነሻ በሆነችው ሰበታ የእርሻው መሬት መጋዘንና ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ መልኩን ከማስታወስ በቀር ማየት አይቻልም።

አስተዳደሩም ተለዋውጧል። ከተሞቹ በኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ከቆዩ በኋላ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ተጠቃለሉ። ስለዚህ ቡራዩ የሚኖር ፎቶ አንሺ ሥራውን የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው፤ የነዋሪነት መታወቂያው ግን የኦሮሚያ ነው፤ አዲስ አበባ ለነዋሪዋ በምታዘጋጀው ድጋፍ ተራ የለውም። ለሸገር ከተማ ማመልከቻውን በኦሮምኛ ይጽፋል፤ ለውጭ ለጋሽ በእንግሊዝኛ፤ ከደንበኞቹ ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም ያወራል። ይህ ሸክም ነው፤ ግን ሀብትም ነው። የፎቶውን ባለቤቶች በቋንቋቸው የሚጠይቅ ሰው ከሌላ ቦታ ማምጣት አያስፈልግም ማለት ነው።

የቀረው ባለቤትነቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያመነታውም እዚህ ጋ ነው። በቆየው ልማድ ደንበኛው የሚከፍለው ለታጠበው ፎቶ ነው፤ ኔጋቲቩ ፎቶ ቤት ይቀራል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአብዛኛው ሌላ ሥራ የኢኮኖሚ መብት የአመንጪውን ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲጠበቅ፣ የፎቶግራፍ ግን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። እንግዲህ ሣጥኖቹ ውስጥ ካለው አብዛኛው ጊዜው አልፎበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥን ይከለክላል። ፕላስቲኩ የፎቶ ቤቱ ወራሾች ነው፤ መልኩ ግን የተነሣው ሰው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ኤግዚቢሽን አይከፈትም፤ መጽሐፍም አይታተምም።

ከዚህ ተነሥቼ ሥራው ከስካነር ሳይሆን ከስም መጀመር አለበት እላለሁ። ፖስታው ላይ ያለው ስም ይገለበጥ፤ ሰውየው ወይም ልጆቹ ይፈለጉ፤ ፈቃዳቸው በጽሑፍ ይያዝ፤ ለእነርሱም አንድ ንጹሕ ቅጂ ይታጠብላቸው። ለዚህ የሚበቃው አንድ ደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል፣ አሲድ የሌለበት ወረቀትና ደመወዛቸው በየወሩ የሚከፈላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ክፍሉን የሸገር ከተማ አስተዳደር ከያዛቸው ቤቶች መካከል ሊሰጥ ይችላል፤ ለሱሉልታ ብርድም ለአንዴ ጥቅም ይገኝለታል። ደመወዙን ደግሞ ለጋሾች እንደ አስተዳደራዊ ወጪ ሳይሆን እንደ ፕሮጀክቱ ዋና ሥራ በውሉ ላይ ቢያሰፍሩት አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አያግዳቸውም።