የንባብ መነጽርን ያስጥላል የተባለው ሌንስ

በቅርቡ አንድ የሃምሳ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፊ ሊመረመሩ መጡ። ክር በመርፌ ለማስገባት ልጃቸውን መጥራት ከጀመሩ ሰንብተዋል። «ዶክተር፣ ውጭ አገር ዓይን ውስጥ ሌንስ ቀብረው ከመነጽር ይገላግላሉ አሉ። የስፌት መኪናዎቼን ሸጬም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉኝ። መኪናዎቹ ከተሸጡ በኋላ ክሩን ምን ሊሰፉበት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ዕድሜያችን 40 ዓመት ካለፈ በኋላ የዓይናችን የተፈጥሮ ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ ቅርብ ያለን ነገር ለማየት ቅርጹን መለወጥ ያቅተዋል። ጋዜጣ ከፊታችን አርቀን የምናነበው ለዚህ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የሚታየው የቅርብ እይታ ችግር መነሻው ሌላ ነው።

ለዚህ የዕድሜ ችግር በኮርኒያ፣ ማለትም ከዓይን ፊት ለፊት ባለው መስተዋት መሰል ክፍል ውስጥ የሚቀበሩ ሁለት መሣሪያዎች አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው «ካምራ» መሃሉ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ጥቁር ቀለበት ነው፤ ዓይናችንን ስናጨነቁር እንደሚሆነው ሁሉ ብርሃኑን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ እይታን ያጠራል። በ2016 የተፈቀደው «ሬይንድሮፕ» ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ የኮርኒያን መሃል ከፍ የሚያደርግ ግልጽ ሌንስ ነው። የሚቀበሩት በአንድ ዓይን ብቻ ነበር።

ችግሩ ኋላ መጣ። ኮርኒያ ባዕድ ነገር ሲቀበርበት ሊቆጣና ሊደበዝዝ ይችላል። «ሬይንድሮፕ» ከተቀበረላቸው በኋላ ክትትል ከተደረገላቸው 150 ሰዎች በ113ቱ ላይ ይህ ድብዘዛ ታየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 ሐኪሞች መሣሪያውን እንዳይጠቀሙ አሳሰበ። ሌንሱን ማውጣት ይቻላል፤ ድብዘዛው ግን ሁልጊዜ አብሮ አይወጣም። ጤነኛ ዓይንን ለዚህ አሳልፎ መስጠት ለእኔ የሚያዋጣ ንግድ አይደለም።

ለእንግዳዬ መነጽር መከርኳቸው። ሲሰፉ ጨርቁ ከዓይናቸው ምን ያህል እንደሚርቅ ለዓይን መርማሪው እንዲነግሩም አሳሰብኳቸው፤ ለጋዜጣ የሚሆን መነጽር ለስፌት ላይሆን ይችላል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ለጊዜው ቢያስነብብም የዓይን ግፊትን አይለካም። ግላኮማ ደግሞ ሳያሳምም ነው ብርሃን የሚነጥቀው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በመነጽር ያነብ የነበረ አዛውንት ድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ከቻለ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ይህ ግን የጀማሪ ዓይን ሞራ ወይም ከፍ ያለ የደም ስኳር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።